ጥቁሩ ክር

ልብስ ሰፊዋ የክሩን ቀለም ያስተዋለችው ደንበኛዋ ቀሚሱን ለብሳ መስታወቱ ፊት ከቆመች በኋላ ነበር። የልብስ ሰፊዋ ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋን፣ የቀሚሱን ጠርዝ፣ የዘመዘመችው በጥቁር ክር ነበር። እናትየው ግን ጠዋት፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳለች፣ ፈትታ፣ ቀለሙን ልብ ሳትል፣ በሰማያዊ ደገመችው። ስፌቱ እንከን አልነበረውም፤ ቢተረተርስ ብላ ነው።

«እጅሽ ይባረክ! እናትሽን እንጀራዋን ልትነጥቂያት ነው» አለቻት ደንበኛዋ፣ ከትምህርት ቤት ወደተመለሰችው ልጅ ዞራ እየሳቀች። ልጅቷ በደስታ ጎንበስ ብላ ጠርዙን ስታስተካክል ክሩን አየችው። ቀና ስትል ፊቷ ልውጥ ብሎ ነበር። «የሰፋችው እማዬ ናት» አለች ቀስ ብላ።

ደንበኛዋ እንደወጣች እናትየው የስፌት መኪናውን እየከደነች፣ «ያንቺም ጥሩ ነበር እኮ። ጎበዝ ነሽ» አለቻት።

«ታዲያ ለምን ፈታሽው?»

እናትየው ሰጥታት የማታውቀውን የሱቁን ቁልፍ ዘረጋችላት። «በይ፣ ዛሬ አንቺ ቆልፊ።»

«አንቺው ቆልፊው፣ እማዬ። እኔ ብቆልፈው ተመልሰሽ ጓጉንቸሩን ትጎትቺዋለሽ» ብላ ቦርሳዋን አንግባ ወጣች።

እናትየው ቆለፈች። ራሷ የቆለፈችውንም ሁለት ጊዜ ጎተተችው።