«ሌባ ነው ይበሏቸው» አልኳቸው

«ሸሚዝህን አውልቅ።»

ጋሼ በሪሁን ናቸው... መርካቶ ጣቃ ጨርቅ የምናወርድላቸው ነጋዴ።

ከሸሚዜ ስር የጨርቅ ጫፍ ወጥቶ አብሮኝ የሚሸከመው ሳዳም አይቶታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ደረቱ ላይ ጨርቅ ጠምጥሟል... ይፈትሹት።»

ድሮም «እንደ ሙሽራ ምን ያሸፋፍንሃል?» ይለኛል።

ስራ ሲያልቅ ሁሉም ከወገብ በላይ ራቁቱን ቧንቧው ጋ ይታጠባል። እኔ አምስት ወር ሙሉ ብቻዬን... ምሳም ብቻዬን።

ጋሼ መጋዘን አስገብተውኝ በሩን ዘጉ።

አወለቅኩ። የጠመጠምኩት ያሮጌ አንሶላ ቅዳጅ ነው። ፈታሁት...

ደረቴ እንደ ሴት አብጧል። አንሶላውን ያረጠበውም ላብ አይደለም... ወተት የሚመስል ነገር ነው።



«የድብርት መድኃኒት ስጀምር ነው እንዲህ የሆንኩት ጋሼ። አፍሬ ተውኩት... ዘጠኝ ቀኔ።»

«ታዲያ ተሻለህ?»

«እንቅልፍ የለም። ያ ጭንቀት ተመልሶ መጣ።»

ውጪ ልጆቹ እየጠበቁ ነው።

«ምን ልበላቸው?» አሉኝ።

ሌባ ከተባልኩ መርካቶ ውስጥ ማንም አያሸክመኝም። አውቃለሁ።

«ሌባ ነው ይበሏቸው» አልኩ።

ቆይ... ስለ ጋሼ ኮት አልነገርኳችሁም። በዛ ሁሉ ሙቀት አያወልቁትም። «ብሩን ውስጡ ሰፍቶት ነው» እያልን እንስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

የኮታቸውን ቁልፍ ቀስ ብለው ፈቱ...

ሸሚዛቸው ደረታቸው ላይ ተወጥሯል። እንደኔው።

«ስድስት ዓመቴ» አሉ። «የኔም እንዳንተው በድብርት መድኃኒት ነው። ሐኪም ፊት ተቀምጬ እንኳን ኮቴን አላወልቅም።»

ኮታቸውን ቆልፈው ወጡና «ጨርቄ ሙሉ ነው፣ ልጁ ንጹህ ነው። ወደ ስራችሁ» አሏቸው። ሌላ ቃል የለም።

በማግስቱ መድኃኒት የምንወስድበት ሆስፒታል አብረን ሄድን፤ ለካ የሁለታችንም ሐኪም አንድ ነች። ሐኪሟ ደማችንን አስመረመረች።

«መድኃኒቱ ሆርሞናችሁን ረብሾት ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ይከሰታል፣ በሌላ እንቀይረዋለን። በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙ። ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?»



አምስት ወር ሙሉ በአንድ መጋዘን በር እየገባን እየወጣን... እሳቸው በኮት፣ እኔ በአንሶላ ታፍነን።

ቧንቧው ጋ አሁንም ብቻዬን ነኝ። ገና አልደፈርኩም። የተቀየረልኝን ኪኒን ግን እውጣለሁ።

ከዚህ የተማርኩት... መድኃኒት ሰውነታችሁን ከቀየረው ቶሎ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ነውር አይደለም፣ መፍትሄ አለው።

እስቲ በእውነት መልሱልኝ... በኔ ቦታ ብትሆኑ ኖሮ እውነቱን ትናገሩ ነበር ወይስ እናንተም «ሌባ» መባልን ትመርጡ ነበር?