ቃል አቀባዩ ቆቦ ላይ የተናገረው

«ማን እንዳመጣት ይጠይቋት» አለ የእርዳታ ሰጪው አገር ልዑክ በእንግሊዝኛ፣ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ።

ጓድ አያሌው ወደ ሴትዮዋ ጎንበስ አለ። የመንግሥት ቃል አቀባይ ነው። እንግዶቹን ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣው አመስግኖ ሊያስጎበኝ፣ አመስግኖ ሊመልስ ነበር። ማስተርጎም ሥራው አልነበረም፤ ነገር ግን ከቆቦ ዳር ያለው የረሃብተኞች መጠለያ ሲደርሱ አስተርጓሚው ሽታው አጥወልውሎት መኪና ውስጥ ቀረ።

ሴትዮዋ ኡሙሃኒ ትባላለች። መሬት ላይ ተቀምጣ ሴት ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታለች። ልጅቱ ዓይኗን ገልጣለች፤ ዝንቡን ግን እሽ አትልም።

«እህቴ፣ ማን ነው እዚህ ያመጣሽ?»

«ማን ያመጣኛል ወንድሜ? እግሬ ነው እንጂ» አለች ቀና ብላ። «አገሬ ከጎብዬ በላይ ነው። ማሽላው ቡቃያ ሳለ ደረቀ። በሬዎቹ አለቁ። ቀጥሎ አባቷ ሄደ፤ መንገድ ላይ ነው የቀበርሁት። አልሐምዱሊላህ፣ ይችን አላህ አተረፈልኝ።»

አያሌው ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳይቀንስ ተረጎመው። ምስጋናዋ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተሰናከለ።

ልዑኩ ወደ ጸሐፊው ዞሮ ፈገግ አለ። «ጠዋት ዋጃ መጠለያ ላይም የነገሩን ይህንኑ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚናገሩት። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ያስጠኗቸው ይመስላል። በዚህ ብቻ የእህል መርከብ ማስነሳት አንችልም፤ ጉዳዩ ገና ይጠና።»

እንዲህ ሲባል ምን እንደሚመለስ አያሌው ያውቃል። «የተከበሩ ልዑክ ያነሱት ሐሳብ በጥሞና ይታያል» ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ሲለው የኖረ ነገር ነው። ዛሬ ግን አላለውም።

«አንድ ዓይነት የሚናገሩት» አለ ቀስ ብሎ፣ «ረሃቡ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው።»

ጸሐፊው ቀና አለ። ከኋላ የነበረው ጋዜጠኛ መቅረጸ ድምፁን ወደፊት ዘረጋ።

«ይህች ሴት ባሏን በገዛ እጇ ቀብራ የመጣች ናት» አለ አያሌው ድምፁ እየጎላ። «አስጠኗት ነው የሚሉኝ? ልጅቱንስ ማን አስጠናት? አጥንቷ እንዲቆጠር ማን አስጠናት? ነውር ነው!» ነውር የምትለዋን በአማርኛ ነው ያላት፤ እንግሊዝኛው አልበቃ ብሎት። ወዲያው ግን በእንግሊዝኛ ደገማት።

የልዑኩ ፊት ቀላ። «ስለ ነውር ካነሱ፣ መንግሥትዎ በመስከረም ለአብዮቱ በዓል ያን ሁሉ ገንዘብ ሲያፈስ እነዚህ ሰዎች የት ነበሩ?»

ለዚህም የተዘጋጀ መልስ አለ። «የጠላት ፕሮፓጋንዳ ነው» ማለት፤ ያ ብቻ ከመዘዝ ያወጣዋል። አያሌው ጋዜጠኛውን አየ፤ የተዘረጋውን መቅረጫም አየ። ከዚያ ኡሙሃኒን አየ።

«እዚሁ ነበሩ» አለ። «እርስዎ ያሉት እውነት ነው። እኛ ስንጨፍር እነሱ እዚሁ ይሞቱ ነበር። ልናፍርበት ይገባል። ግን ያንን ድግስ የበላችው እሷ አይደለችም። እኔና እርስዎ የምንጣላበት ካለን አዲስ አበባ ሄደን እንጣላ። ለእሷ እህሉን ይላኩላት።»

ልዑኩ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ከድካም ብዛት ቀልተዋል። ሴትዮዋን ትክ ብሎ አያትና «ስሟ ማን ነው?» አለ።

«ኡሙሃኒ።»

ልዑኩ ስሟን እንደምንም ደገመው። ፊቱን አዙሮ ወደ መኪናው ሄደ።

የአውራጃው ካድሬ ጓድ ከበደ እየሮጠ መጣ። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ የሰዉን ፊት አይቶ ነው የደነገጠው። «ጓድ አያሌው፣ ምን አልከው? ሰውዬው ምነው ተቆጣ?»

አያሌው ሊሸፋፍነው ይችል ነበር። ያለውን ሁሉ ግን፣ የመስከረሙንም ጭምር፣ በዙሪያው ያለው ሰው እስኪሰማ በአማርኛ ደገመለት። አንድ ሽማግሌ ከወዲያ «ያረቢ!» ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ከበደ ወዲያና ወዲህ ተገላምጦ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ፈረንጅኛ አላውቅም። ምንም አልሰማሁም» አለ። የአያሌውን ክንድ ጭብጥ አደረገና እንግዶቹን ሊሸኝ ሄደ።

መኪናዎቹ ተነሡ። አያሌው የመጣበት መኪና በሩን ከፍቶ አልጠበቀውም፤ አቧራውን አልብሶት ወደ ጎብዬ መንገድ ታጠፈ። ይኼኔ ቤቱ ትዝ አለው። ሚስቱ ጽጌ፣ ሰዎች መጥተው በሩን ሲያንኳኩ፣ እሷ ማነው ስትል።

«ወንድሜ» አለ አንድ ድምፅ።

ኡሙሃኒ ነበረች። የተባለውን ሁሉ ሰምታለች፤ ስለዚያ ግን አላነሳችም።

«ምነው ፀሐይ ላይ ቆምህ? አብሽር። ና፣ አረፍ በል።»

ከራሷ በላይ ቀዳዳ ጆንያ በእንጨት ወጥራለች። ጥላው ለእሷና ለልጅቱ እንኳ አይበቃም። የልጇን እግሮች ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ሰበሰበችና፣ አጠገቧ የተገኘችውን ቦታ በመዳፏ ጠረገችለት።