ደቅ ላይ መውረድ

የጣናን ደሴቶች ከጎብኚ ብዛት ለማዳን ሲባል አንድ ቤተሰብ እያንዳንዱን ደሴት በዕድሜው አንዴ ብቻ እንዲረግጥ ከታወጀ ሃያ ዓመት አልፏል። ማንጠግቦሽ የተወለደችበትን ደቅን ለጡረታዋ አቆይታው ነበር። አባቷ የተቀበሩት እዚያ ነው።

ጡረታ በወጣች በሳምንቱ አንዲት ወጣት የመርከብ አስጎብኚ ቤቷ ጠራች። ልጅቷ በማንጠግቦሽና በባሏ በደምመላሽ ፊት ካርታውን ዘረጋች፤ ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ከዘጌ ደቅ፣ ከደቅ ጥንታዊው የጎርጎራ ወደብ።

"ደቅ ላይ ግን አትወርዱም" አለች መዝገቡን አይታ። "ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቤተሰባችሁ ረግጦታል።"

ማንጠግቦሽ ወደ ባሏ ዞረች።

"ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር በጀልባ ስንዝናና ነው" አለ ደምመላሽ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ። "ሽንቴ መጣና ወረድኩ። ሁለት ደቂቃ አልቆየሁም። ደግሞ ምን አለው? ቁጥቋጦና ትንኝ! በመርከቡ መስኮት ታዪዋለሽ።"

አልጮኸችም። ሠላሳ ዓመት ሸሚዙን የተኮሰችለትን ሰውዬ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ ለቁጣ እንኳ የማይበቃ ሆነባት።

"ልጄ፣ የተፋታች ሴት እንደ ሌላ ቤተሰብ ትቆጠራለች?"

"አዎ እትዬ፣ አዲስ መዝገብ ይከፈትላታል።"

"እንግዲያው ባለ አንድ አልጋ ክፍል ያዢልኝ። ለመስከረም ይሁን፣ ፍርድ ቤቱ እስከዚያ ይጨርሳል።"

ደምመላሽ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን መታወቂያዋን ልታመጣ ተነስታ ነበር።