ስምንት ጊዜ የተጠቀሰው ጥናት

ሀብተ ጊዮርጊስ መጽሔት የሚያነበው ከኋላ ጀምሮ ነው። የቀድሞ አስተማሪው ከአዲስ አበባ የሚልኩለት የውጭ አገር መጽሔት ዲላ ሲደርስ፣ ፖስታውን ቀድዶ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ይሄዳል፤ ምሁራኑ የጠቀሷቸው ጥናቶች የሚዘረዘሩት እዚያ ነዋ። ስሙን ካገኘ ለእሱ ያ ቀን ዓመት በዓል ነው።

«ቀኑን ሙሉ ስቅ ሲልህ የዋለው ለዚህ ነው» ትለዋለች ሚስቱ አትጠገብ። «ፈረንጆቹ ሲያነሱህ ነው።»

ታሾፍበት እንጂ እሷም ትቆጥርለታለች። እስከ 1976 ዓ.ም. ስምንት ጊዜ ተጠቅሷል። ቢሮው ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ላለው የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ፣ ስምንት ቀላል ቁጥር አይደለም።

ይህ ሁሉ ዝና የመጣው ከአንድ በሽተኛ ነው። ባህሩዲን ይባላል፤ በገበያ ቀን ወደ ገደብ ከተማ ጨርቅ ጭኖ የሚሄድ ነጋዴ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መጥቶ አንድ ሰውዬ ይከተለኛል አለ። አውቶብሱ ውስጥ ሁሌም መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ገደብ እስኪደርሱ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል፤ ቅርፊቱን ግን መሬት አይጥልም፣ ግራ ኪሱ ውስጥ ይጨምራል። ባህሩዲን ሲወርድ ይወርዳል። ጨርቁን ሲዘረጋ ፊት ለፊቱ ይቆማል፤ ዋጋ አይጠይቅም።

ሀብተ ጊዮርጊስ ጥንቁቅ ሰው ነውና ሾፌሩን ጠየቀ። ሾፌሩ ምንም አላየሁም አለ። ሀብተ ጊዮርጊስ አመስግኖት ሊሄድ ሲል፣ እንደገና ጠርቶት ምንም አላየሁም አለ።

ስለዚህ ክኒን ተሰጠ። ባህሩዲን በየሳምንቱ እየመጣ አወራ፣ ክኒኑን በታማኝነት ዋጠ፣ ወፈረ፣ ሱቁ ውስጥ ማንጎላጀት ጀመረ። በአራተኛው ወር፣ ሰኔ ላይ፣ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ወላሂ ዶክተር፣ ሰውዬው ቀረ። አላህ ይስጥልኝ።»

ጥናቱ ተጻፈ፤ የባህሩዲን ስም «ለ» ተባለና ታተመ። ምሁራኑን ልባቸውን የወሰደው ቅርፊቱ ነው። አንዱ፣ ለሌለ ሰው ይህን የመሰለ ዝርዝር ሊሠራለት የሚችለው የታመመ አእምሮ ብቻ ነው ብሎ ጻፈ። ሌላው ስለ ኪሱ ብቻ ግማሽ ምዕራፍ ፈጀ።

በመጨረሻም ናይሮቢ ለሚደረግ ጉባኤ ጥሪ መጣ። ሀብተ ጊዮርጊስ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ነገር ነው። ለመውጣት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ የቀበሌ ድጋፍ፤ ለድጋፉ ደግሞ የሊቀመንበሩ የይርጋ ፊርማ።

ይርጋ የፍስሐ ገነት ከተማ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሥርዓት ያለው። መጀመሪያ ቀበሌው ተላላኪ አድርጎት ነበር፤ ሥራውን ጠንቅቆ ስለሠራ በዚያው በ1973 ክረምት ሹመት አገኘ። ቢሮው ወለል ላይ ብጣሽ ወረቀት አይታይም። ጥያቄውን ሰማና፣ ጥናቱ በአማርኛ ተተርጉሞ ይምጣ፣ ሳላነብ አልፈርምም አለ።

ሀብተ ጊዮርጊስ እየተረጎመ ላብ አጠመቀው። በአብዮቱ ዘመን ሰው ይከተለኛል የሚል ነጋዴ! አብዮቱ ሰው ያሳብዳል ብለሃል ቢሉትስ? የባህሩዲንን ሕመም ወደ ንጉሡ ጊዜ ሊያዛውረው ሁሉ ቃጥቶት ነበር፤ የሚያውቁ ስምንት ምሁራን አሉ ብሎ ተወው።

ሁለት ሳምንት ወሬ ጠፋ። ጉባኤው ቀረበ።

«ልብስህን ላዘጋጅልህ» አለች አትጠገብ። «ናይሮቢም ሂድ ሌላ ቦታ፣ ቅያሪ መያዝ አይቀርም።» አልሳቀም። እሷም በኋላ ቆጭቷት ትከሻውን ዳሰስ አደረገችው።

ተጠራ። ይርጋ ጠረጴዛው ላይ ጥናቱን ዘርግቷል፤ ዳርና ዳሩ በቀይ እርሳስ ተሰምሮበታል።

ይርጋ ይህን ስንት ሰው አንብቦታል ብሎ ጠየቀ። ሀብተ ጊዮርጊስ በደከመ ድምፅ፣ ያነበቡትን እንደማያውቅ፣ የጠቀሱት ግን ስምንት እንደሆኑ ተናገረ።

«ስምንት! ውጭ አገር?»

«ውጭ አገር።»

ይርጋ እንደ ሙሽራ አፈረ፤ ፈገግታውን ሊደብቅ ጎንበስ ብሎ ፈረመ፤ ማኅተሙንም አሳረፈ። ሀብተ ጊዮርጊስ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ተቀበለ። እንባው መጣ፤ ሥራዬን እንዲህ ቃል በቃል ያነበበልኝ ሰው የለም ሲል ከልቡ አመሰገነ። በሩ ጋ ሲደርስ ይርጋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራው።

«ናይሮቢ ሲያነቡት አንድ ነገር ያርሙልኝ፣ ጓድ ዶክተር፤ ቅርፊቱን እጨምር የነበረው በቀኝ ኪሴ ነው፤ ግራው ቀዳዳ ነበር።»