የሚንቀራፈፈው ጨዋታ

ሚያዝያ አሥራ አራት፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ባልና ሚስት ከሆስፒታል ሲመለሱ ድካም ጥሏቸዋል። ባል ግን ሕመሟን ማዳን ባልችል የመኪና ውድድር ጨዋታዋን እንኳ ላስተካክልላት ብሎ ኮምፒውተሯ ላይ አቀረቀረ።

«ሶሲ፣ እንዲህ ሲንቀራፈፍ አያበሽቅሽም?»

«ከታክሲ ሰልፍ ይሻላል» ብላ ሳቀች።

ሴቲንጉን ሲበረብር ቆይቶ ችግሩን አገኘው፤ የግራፊክስ ካርዱ ማፍጠኛ ተዘግቷል። ሲከፍተው መኪናዋ ተፈተለከች።

«እስቲ ንጂው!» አላት ኮራ ብሎ።

ትንሽ ሞክራ የደነዘዙ ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

«መልሰህ ዝጋልኝ፣ የኔ ጌታ። እጄ አልታዘዝ ሲለኝ እኔው ነኝ የዘጋሁት። ቀስ ሲል እደርስበታለሁ።»

ዘጋላት። ከዚያ በኋላ የቀሯትን አሥራ ዘጠኝ ቀናት ተጫወተች።