ጤነኛዋ ተመርማሪ

የመሐንዲሷ እናት በሙከራው አልጋ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ "ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ ብታሞቂው ምን ነበረበት?" ስትል ቀለደች። ልጇ ግን አልሳቀችም። ለአዲሱ የጡት ካንሰር መመርመሪያ ራዳር መሞከሪያ ጤነኛ ሰው ስትፈልግ "እኔ አለሁልሽ" ብላ የመጣችው እናቷ ነበረች፤ አሁን ስክሪኑ ላይ በጤነኛ ጡት መታየት የሌለበት አንድ ነጭ ነጥብ በርቷል።

ጡቱን ከከበቡት አሥራ ስድስት መቀበያ አንቴናዎች አንዱን አጥፍታ ምስሉን እንደገና ሠራችው፤ ከዚያ ሌላውን። አንዱ ቢሳሳት ሌሎቹ እንዲያርሙት አድርጋ የሠራችው ራሷ ናት። ነጥቡ ንቅንቅ አላለም።

"አንዴ እንድገመው እማዬ፤ ማሽኑ አስቸገረኝ" አለች፣ ድምጿን እንደምንም አስተካክላ።

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ተይ፣ ማሽኑን አትውቀሺው። እብጠቱን በእጄ ካገኘሁት አራት ወር አለፈኝ። መንገሩ ቢያቅተኝ ራስሽ እይው ብዬ መጣሁ።"