አራት ፊደል

«ልጅ ሳለሽ የወደድሽውን ንገሪን፤ ያልወደድሽውንም» አሏት ጣሊያናዊቷ መምህርት። የዕለቱ ትምህርት ኃላፊ ጊዜ ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች በተሰባበረ ጣሊያንኛ አይስክሬሙን ወደው፣ ዓሣውን ጠልተው ተቀምጠዋል። የቀረችው እሷ ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የታጠፈ ካርቶን ቆሟል፤ «ኦሽሪት» ይላል። በመስኮቱ የኪዳነ ምሕረት ጉልላት ይታያል።

በሰባት ዓመቷ፣ ከጎንደር ወደዚህ ወደ ቅድስት አገር በመጣች ሰሞን፣ የዕብራይስጥ አስተማሪዋ «ስምሽ ይከብዳል፤ ከዛሬ ጀምሮ ኦሽሪት ነሽ። ወደድሽው?» ብላት ነበር። ታላቅ ሰው ፊት «አልወድም» አይባልም ተብላ ያደገች ልጅ ናትና አቀርቅራ ዝም አለች። አስተማሪዋ ዝምታዋን እሺታ አደረገችው። ስሙም እንዲሁ ተለጠፈባት።

አሁን ቀና ብላ መምህርቷን ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። «ኦሽሪት አሉኝ» አለች በጣሊያንኛ፣ ቃሉን ረገጥ አድርጋ። «ኖን ሚ ኤ ፒያቹቶ። አልወደድኩትም።» ካርቶኑን ገለበጠችና እናቷ ያወጣችላትን ስም በራሱ በአማርኛ ፊደል ጻፈችበት። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ «እታገኝ።»

መምህርቷ ሞክረው ሞክረው ምላሳቸው አልታዘዝ አላቸው። «ይከብዳል» አሉ ፈገግ ብለው። «አሳጥሬ ልጥራሽ?»

«አይሆንም» አለች፣ ካርቶኑን ወደ እሳቸው እያስጠጋች። «እኔ የእርስዎን ኃላፊ ጊዜ ከነጓዙ ተምሬያለሁ። እርስዎም የእኔን አራት ፊደል ይማሩ።»